ቃሉ የለሰለሰው ለማን ነው?



በዚህ ሴሚስተር በዶርምም፣ በካፌ ሰልፍም፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ በምንቀመጥበት ቦታም ደጋግመን የምንሰማው ምሬት አለ። «ዘንድሮ ምን ይወራል? አፍህን ከከፈትክ የሚቀየምህ አይጠፋም» ይባላል። ከተማዋን ናዝሬት ብሎ የጠራ በአንድ ወገን፣ አዳማ ብሎ የጠራ በሌላ ወገን ይመደባል። «ብሔር» በሚባልበት ቦታ «ጎሳ» ያለ ተማሪ እስኪያብራራ ድረስ ዐይን ይፈጥበታል። ለተመራቂዎች መጽሔት የሚሆን ቀልድ እንኳ «ማን ይቀየም ይሆን?» እየተባለ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ታጥቦ ሲያልቅ ቀልድነቱ ይጠፋል። አንዳንዱማ ስም መጥራት ከመፍራቱ የተነሣ ሁሉንም «እንትን» ብሎ ማለፍ ጀምሯል።

ፈረንጆቹ ይህን የቃላት ጥንቃቄ «ፖለቲካል ኮሬክትነስ» ይሉታል። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ተማሪም ድካሙን ያውቀዋል። የመከባበር ምልክት መሆን የነበረበት ነገር ፈተና መስሏል፤ ያውም መልሱ በየዓመቱ የሚቀያየር ፈተና። ስለዚህ ብዙዎቻችን «በቃ፣ ያሻንን እንናገር፤ የተቀየመ ይቀየም» ወደሚል መደምደሚያ እየሄድን ነው።

በእኛ እምነት ምሬቱ ውስጥ እውነት አለ፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። ምሬቱ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከቶ ይጥላል። አንደኛው ለሰው ክብር ተብሎ የተስተካከለ ቃል ነው። ሁለተኛው እውነቱ እንዳይታይ ተብሎ የተለሳለሰ ቃል ነው። የመጀመሪያው አደብ ነው፤ ሁለተኛው ሽፋን ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ቃሉ የለሰለሰው ለማን ተብሎ ነው? በቃሉ ለሚጠራው ሰው ነው ወይስ ለአድራጊው?

ቃል መምረጥ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም

በመድረሳ የተማርነውን እናስታውስ። በመዲና አንዳንድ ሰዎች «ራዒና» የሚለውን ቃል ምላሳቸውን እያጣመሙ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ለመዝለፍ ይጠቀሙበት ነበር። ቃሉ በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ «ተመልከተን፣ አድምጠን» እንደማለት ነው። ሙእሚኖቹም በቅን ልብ ይሉት ነበር። ያም ሆኖ በሱረቱል በቀራህ 104ኛው አንቀጽ ያንን ቃል ትተው «ኡንዙርና» እንዲሉ ታዘዙ። ልብ እንበል፤ የተናጋሪው ኒያ ንጹሕ ነው፣ ቃሉም በመነሻው ንጹሕ ነው። ሌሎች ስላቆሸሹት ግን ተተወ። «እኔ እኮ ለክፋት ብዬ አይደለም፤ ድሮም እንዲህ ነበር የሚባለው» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አናገኝም።

ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ደግሞ አንዱ ሕዝብ በሌላው ላይ እንዳይሳለቅ፣ ሰዎችም በመጥፎ ቅጽል ስም እንዳይጠራሩ ይከለክላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባሪያ የነበራቸው ሰዎች «ባሪያዬ» ማለትን ትተው «ልጄ» እንደማለት ባለ ለዘብ ያለ ቃል እንዲጠሩ አስተምረዋል። ስሟ «ዓሲያ»፣ ማለትም አመፀኛ፣ የነበረችን ሴት «ጀሚላ» ብለውላታል፤ ውብ እንደማለት ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ዘር ባነወረ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በውስጡ የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት ነግረውታል። ሊቃውንት ያ ሰው ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ.) እንደነበር ይጠቅሳሉ። አቡ ዘር ታላቅ ሶሐባ ነው፤ እርሱ እንኳ «ተናድጄ ነው» በሚል ማምለጫ አልታለፈም።

እንግዲህ በቃል መጠንቀቅ የፈረንጅ ፋሽን ነው ለማለት ከመቸኮላችን በፊት ኪታቦቻችንን እንግለጥ። አበሻውም ቢሆን «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲል ኖሯል።

ለአጠራራችን ሰልፍ ወጥተናል

ከመድረሳው ወደ አገራችን ታሪክ እንምጣ። በንጉሡ ዘመን በይፋዊው ቋንቋ እኛ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» አልነበርንም፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ነበርን። ሰዋስውን ብቻ ለሚመለከት ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትርጉሙን ለሚያይ ግን የፊተኛው ባለቤት ነው፣ የኋለኛው ተከራይ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ የወጣው ታላቅ ሰልፍ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው አጠራር ነበር። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ተሰልፈዋል። ከለውጡ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ፤ አጠራሩም ተቀየረ። ዛሬ «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም» ስንባል ማንም አይደነቅም። ያ ግን በነፃ የተገኘ ቃል አይደለም።

ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሞ «ደግሞ ለአጠራር ብላችሁ ሰልፍ ትወጣላችሁ? ምን ልዩነት አለው?» የሚል ሰው ብናገኝ ምን እንለው ነበር? ይህን ጥያቄ ለራሳችን ካልጠየቅን የሌላውን ሕመም አናውቀውም። ኦሮሞው፣ ወላይታው፣ ጉሙዙ፣ ቤተ እስራኤሉ ራሱን በማይጠራበት፣ ሌላው በለጠፈበት ስም ለብዙ ዘመን ተጠርቷል። እነዚያን ስሞች እዚህ አንጽፋቸውም፤ አንባቢ ያውቃቸዋል። የዶርም ጓደኛችን ያን ስም በቀልድ መሐል ሰምቶ ፊቱ ሲለወጥ «ሆደ ባሻ ነህ» የምንለው ከሆነ የ1966ቱን ሰልፍ ረስተነዋል ማለት ነው።

ባሕር ማዶም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። በአሜሪካ ስለ ፖለቲካል ኮሬክትነስ የሚደረገው ክርክር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎቻቸው ተቀጣጥሎ ወደ ዋናው ፖለቲካ ገባ። ዶናልድ ትራምፕ በ2015 እ.ኤ.አ. ለምርጫ ሲወዳደር ለዚህ ጥንቃቄ ጊዜ እንደሌለው ተናግሮ ተጨበጨበለት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ሙስሊሞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ሲጠይቅም ንግግሩ በዚያ ሚዛን ትክክል እንደማይባል ራሱ ጠቅሶ ግድ እንደሌለው ተናገረ። በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. በፈረመው ትእዛዝ መግቢያ ከተዘጋባቸው ሰባት አገሮች መካከል ሶማሊያና ሱዳን ይገኙበታል፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው። በስልካችን የሚመጣውን «እቅጩን ተናጋሪ» ሁሉ ከማጨብጨባችን በፊት እቅጩ በማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ እንይ።

ከላይ የደረቀ፣ ከታች የረጠበ

አሁን ወደ ምሬቱ እውነተኛ ጎን እንሂድ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ እርጥበት አገኙ። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ነጋዴው በቃል የዋሸ ነገር አልነበረም። ደረቁን ከላይ ማድረጉ ብቻ ማታለል ሆኖ ተቆጠረበት።

ከላይ ደርቀው ከታች የረጠቡ ቃላት በዙሪያችን ሞልተዋል። ዋጋ ሲጨምር «የዋጋ ማስተካከያ ተደረገ» እንባላለን። የተስተካከለው ለማን እንደሆነ ከገበያ ባዶ ዘንቢል ይዛ የተመለሰች እናት ታውቀዋለች። ቤቱ የፈረሰበት ሰው «የልማት ተነሺ» ይባላል። ቃሉን ለሚሰማ ሰው ሰውየው በገዛ ፈቃዱ ከመቀመጫው ብድግ ያለ ይመስላል፤ ያስነሣው ማን እንደሆነ፣ የት እንደወደቀ በቃሉ ውስጥ የለም። እኛ ራሳችን ስንመዘገብ የምንፈርመው ውል «የወጪ መጋራት» ይባላል። ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን የሚቆረጠው ግን ዕዳ ነው። ወጪ መጋራት ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ዕዳን ግን ዕዳ እንበለው፤ በዲናችን ዕዳ ቀላል ነገር አይደለም፣ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽም ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሽፋን በሰው ሕይወት ሊከፈልበት ይችላል። በ1965 ወሎን የፈጀውን ረሃብ መንግሥት እንዲታወቅ አልፈለገም። የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡት ፎቶግራፍ በግቢያቸው ታየ። በ1966 መግቢያ ላይ ደግሞ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ገለጠው። ከመካከላችን የወሎ ልጆች የሆኑት የዚያን ዘመን ታሪክ ከአያቶቻቸው አፍ ሰምተዋል። ያኔ የተጠየቀው ማንንም መስደብ አልነበረም፤ ረሃብን ረሃብ ማለት ብቻ ነበር።

ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይሠራል። «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» የሚለው አጠራር ለተጠሪው ሰው ክብር ተብሎ የመጣ ነው። «ተነሺ» የሚለው ቃል የጠቀመው ግን ተነሺውን አይደለም፤ አስነሺውን ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ቃል ላይ መነጫነጭ የአደብ ጉድለት ነው። በሁለተኛው ዓይነት ላይ ዝም ማለት ደግሞ እርጥቡን እህል አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው።

«ግልጽ ከተናገርን ጨዋነት ይቀራል» ብሎ የሚሰጋ ካለ የሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ያስታውስ። በሱረቱ ጣሃ 44ኛው አንቀጽ ሙሳና ሃሩን ፈርዖንን በለዘብታ እንዲያናግሩት ታዘዋል። ከፈርዖን የከፋ ሰው የለም፤ ያም ሆኖ አነጋገራቸው እንዲለሰልስ ተነገራቸው። የያዙት መልእክት ግን አልለሰለሰም፤ የኢስራኢል ልጆች ይለቀቁ፣ ማሠቃየቱ ይቁም የሚል ነበር። ድምፅ ሊለሰልስ ይችላል፤ ጉዳዩ ግን በስሙ ይጠራል።

ቃሉ ተቀይሮ ፊቱ ካልተቀየረ

ሦስተኛ ነገር አለ፤ ምናልባት ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያስመርረው ይህ ነው። ቃሉ ይቀየራል፣ ሌላ ምንም አይቀየርም።

ሱረቱ ዐበሰ ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱምን (ረ.ዐ.) ሲያነሣ «አዕማ» በሚለው ግልጽ ቃል ነው፤ ዐይነ ስውር ማለት ነው። ምክሩ የመጣው ስለ አጠራር ሳይሆን ፊትን ስለ ማዞር ነበር። ከዚያ በኋላ ይህ ሶሐባ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ሆኗል፤ ከመዲና ሲወጡም በእርሳቸው ቦታ ተክተውት የሄዱበት ጊዜ አለ። ክብር የተሰጠው በኃላፊነትና በቦታ ነው።

እኛ «አካል ጉዳተኛ» ማለትን ተምረናል፤ ጥሩ ነው፣ የድሮዎቹ ቃላት ስድብ ነበሩ። ግን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስለሆንን አንድ ስሌት እናቅርብ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ለራምፕ የሚመከረው ተዳፋት 1 ለ12 ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ያሉት መግቢያ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ስለዚህ 5.40 ሜትር የሚረዝም ራምፕ ያስፈልገዋል። በየቦታው የምናየው ግን ለዚሁ ከፍታ 1.80 ሜትር የተሠራ ራምፕ ነው፤ 1 ለ4 ማለት ነው። በዚያ ላይ በወንበር ብቻውን የሚወጣ የለም፤ ለመውረድም ያስፈራል። ፎቶ ሲነሣ ግን ራምፕ አለ። ሪፖርት ሲጻፍም ራምፕ አለ።

ብዙው የዘመኑ የቃላት ጥንቃቄ እንደዚህ ራምፕ ነው። «የቤት ሠራተኛ» ማለት ጀመርን፤ የድሮውን ቃል የሚጠቀም ሰው እንቆጣለን። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ በደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስሟ ሠራተኛ ሆነ፤ የሥራ ሰዓቷንና የዕረፍት ቀኗን የሚወስነው ግን አሁንም የቤቱ ባለቤት ጠባይ ነው። በበዓል ለዕረፍት ቤታችን ስንሄድ ይህችን እህት በምን ስም እንደምንጠራት ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደምትተኛ እንይ።

ቃሉ ብቻ ሲቀየር ንቀቱ አዲሱንም ቃል ይበላዋል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ለብዙዎች የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ተከፈተ። ስሙ ጥሩ ነው፤ ማንንም አይሰድብም። ግን ስንት ቀን ቆየ? «ሬሜዲያል» በየግቢው ቀልድና መሳለቂያ ሆነ፤ ክፍል ውስጥ ደካማ መልስ የመለሰ ሁሉ «ሬሜዲያል ነህ እንዴ?» ይባላል። ነገ ሌላ ስም ቢወጣለት እርሱም ስድብ ይሆናል። በሽታው ያለው ልባችን ውስጥ ስለሆነ በቃል ለውጥ ብቻ አይድንም።

እርማታችን ሰውን ከመስጊድ እንዳያርቅ

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በራሳችን ጀመዓ ውስጥ የምናየው ነገር ነው። ከገጠር የሚመጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ራሱን ሲያስተዋውቅ «እኔ እስላም ነኝ» ይላል። ወዲያው ከሦስት አቅጣጫ እርማት ይዘንብበታል፤ «ኢስላም ሃይማኖቱ ነው፣ ሰውየው ሙስሊም ነው!» ይባላል። እርማቱ ትክክል ነው። ግን ይህ ልጅ የመጣው «እስላምና ክርስቲያኑ» በአንድ ለቅሶ፣ በአንድ ሠርግ ከሚገናኝበት አገር ነው። አያቱ በዚያ ቃል ራሳቸውን እየጠሩ አምስት ወቅት ሰግደው ኖረዋል። ቃሉ በእርሱ አፍ ስድብ አይደለም። ሌላው ደግሞ አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ የትኛው ቃል መቼ እንደተነወረ የሚነግረው አልነበረም። በቴሌግራም ግሩፕ የጻፈው አንድ ቃል ስክሪንሾት ተደርጎ ሲዞርበት ይውላል። በሚቀጥለው ሳምንት ደርስ ላይ አናየውም። «የት ጠፋ?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ሙዓዊያህ ኢብኑል ሐከም (ረ.ዐ.) የሶላት ሥርዓት ገና ሳይገባው አንድ ሰው ሲያነጥስ ሶላት ውስጥ ሳለ መረቀው። ሶሐቦቹ አፈጠጡበት፤ ዝም እንዲል ጭናቸውን መቱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላቱ ሲያልቅ ግን አልተቆጡትም፣ አልሰደቡትም፤ ሶላት ውስጥ የሰው ንግግር እንደማይገባ አስረዱት። እርሱም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከእርሳቸው የተሻለ አስተማሪ እንዳላየ መስክሯል። ስህተቱ የቃል ስህተት ነበር፤ ያውም ሶላት ውስጥ። እርማቱም ተሰጥቷል። ሰውየው ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ሐዲሱን ያስተላለፈልን እርሱ ነው።

የአገሪቱ ሕግ እንኳ በዚህ ከእኛ ይበልጥ ለዘብ ያለ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያስፋፋን ንግግር ነው። ሆን ብሎ የሚለው ቃል ትልቅ ነው። በሕግ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት የሚያስከትል ጥፋት እና የአንድ ፍሬሽማን ተማሪ የአነጋገር ግድፈት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። እኛ ግን በግሩፓችን ሁለቱንም በአንድ ጅራፍ እንገርፋለን።

የሚገርመው ደግሞ ይህን ያህል ለቃል የምንጠነቀቅ ሰዎች እርስ በርሳችን ስንጠራራ ጥንቃቄው ሁሉ ይጠፋል። «ወሃቢያ»፣ «አሕባሽ»፣ «ቀብር አምላኪ» እየተባባልን በአንድ ሶፍ እንቆማለን። በ2004 ከአወሊያ ተነሥቶ «ድምፃችን ይሰማ» ባለው ሰላማዊ እንቅስቃሴ ጊዜ «አክራሪ» የሚለው ቃል በሕዝበ ሙስሊሙ ላይ እንዴት እንደተለጠፈ የምናውቅ ሰዎች ነን። አንድ ቃል ክርክርን እንዴት እንደሚዘጋ፣ ሰውን ሳይሰሙት እንዴት እንደሚያስፈርድ ቀምሰነዋል። በኢልም መለያየት ያለ ነው፤ ልዩነቱ በማስረጃ ይቅረብ። የሑጁራት አንቀጽ ከመስጊድ ውጭ ብቻ የሚሠራ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አራት ቀላል ነገሮችን ለጀመዓችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሰውን ራሱ በመረጠው ስም እንጥራው። ካላወቅን እንጠይቀው፤ «ምን ብለን እንጥራህ?» ብሎ መጠየቅ ከግምትም ከዝምታም ይሻላል። ብሔርን መጥራትም ነውር አይሁን። ሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሕዝቦችና ጎሳዎች የተደረግነው እንድንተዋወቅ መሆኑን ይነግረናል። እርስ በርስ ላለመቀያየም ብለን ስለየመጣንበት ጨርሶ ካልተነጋገርን አልተዋወቅንም።

ሁለተኛ፣ እርማት በግል ይሁን። ወንድም ወንድምን፣ እህት እህትን ለብቻ ጠርቶ ይንገር። በግሩፕ ስክሪንሾት ማዞር ይቅር። ሆን ብሎ ደጋግሞ የሚሳደብ ሲገኝ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ በግልጽ ይነገረው።

ሦስተኛ፣ ነገርን በስሙ እንጥራ። ለአስተዳደር ደብዳቤ ስንጽፍ «አንዳንድ የማይመቹ ሁኔታዎች ስለታዩ» ብለን አንጀምር። የሶላት ቦታ ጠፍቶ ከሆነ የሶላት ቦታ የለንም እንበል። እህቶቻችን በሂጃባቸው ምክንያት ከበር ተመልሰው ከሆነ «በአለባበስ ዙሪያ የተፈጠረ ክፍተት» ማለት ትተን ስንት ሰዓት፣ ከየትኛው በር እንደተመለሱ እንጻፍ። ድምፃችን ጨዋ ይሁን፤ ፍሬ ነገሩ ግን አይታጠብ።

አራተኛ፣ ቃል በቀየርን ቁጥር አንድ ተግባር እንጨምርበት። የጀመዓችን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሜትር ይዘው የግቢያችንን ራምፖች ይለኩ። ልኬቱን ከአዋጁ ጋር አያይዘን ለሚመለከተው ክፍል እናቅርብ። በዚያው ሳምንት ማየት ለተሳናቸው ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የመማሪያ ጽሑፎችን በድምፅ የሚያነብ ቡድን እናቋቁም። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ክብደት ያገኛል።

«ምን ይወራል ዘንድሮ?» ለሚለው ምሬት መልሳችን ይኸው ነው። ብዙ ይወራል። ስለ ዋጋ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ፈረሰ ቤት፣ ስለተዘጋ በር ሁሉ ይወራል፤ ያውም በግልጽ። የምንጠነቀቀው ለተቀመጠው ሰው ክብር ነው፤ ለተደበቀው ጥፋት አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) ምላሳችንን ከማነወርም ከመደበቅም ይጠብቅልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።